ምሰሶው ላይ ያለው ስልክ የማን ነው? የግድግዳ ጽሑፍና ልጥፍ ማስታወቂያ ለምን አልቆም አለ

የአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች በኮሪደር ልማቱ መልካቸው ተቀይሯል። አጥሩ ተቀብቷል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ ተተክሏል። ከአስፋልቱ ገባ ሲባል ግን የድሮው ነገር አለ። "የሚከራይ ቤት"፣ "ዲሽ እንሠራለን"፣ "የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና"፣ "ቤት ለቤት እናስጠናለን"፣ "ለኪንታሮት ፍቱን መድኃኒት"። ምሰሶው፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የኮንዶሚኒየሙ መግቢያ፣ ሁሉም ወረቀት ለብሷል። አዲሱስ ጎዳና እንዲህ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይቆያል?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን ቅጣቱ ይክበድ፣ ደንብ አስከባሪ ይጨመር ይላል። ሌላው ወገን ሠርቶ የሚበላን ሰው በወረቀት ምክንያት አታሳድዱት ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ለጣፊው ነው። ኮላ ይዞ ስለሚዞረው ልጅ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚለው ሌላ ነው። መፍትሔው ያለው ለጣፊው ጋ ሳይሆን ስልኩ የሚደወልለት ሰው ጋ ነው። ከዚያ ደግሞ ሕጋዊ መለጠፊያ ቦታ ማዘጋጀት ካለበት አካል ጋ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች

በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ የሚጨፈለቁ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ግራፊቲ የሚባለው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በግድግዳ፣ በአጥር ወይም በተሽከርካሪ ላይ የሚጻፍ ወይም የሚሳል ነገር ነው። በእኛ ሰፈሮች አብዛኛው የእግር ኳስ ክለብ ስም፣ የሰፈር ስም ወይም የፍቅረኞች ስም ነው። አልፎ አልፎ የፖለቲካ መፈክር አለ። በፈቃድ የሚሠራው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል፣ ሙራል የሚባለው፣ ከዚህ ውስጥ አይገባም።

ሕገወጥ ልጥፍ ማስታወቂያ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚለጠፍ ወረቀት ወይም ስቲከር ነው። በስፕሬይ ወይም በብሩሽ ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ስልክ ቁጥርም ሥራው ያው ስለሆነ እዚህ ይመደባል።

ልዩነቱ የቀለምና የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስሙን ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ወጣት የሚፈልገው መታየት ነው። ወረቀት የሚያስለጥፍ ደላላ የሚፈልገው እንዲደወልለት ነው። የሚፈልጉት የተለያየ ስለሆነ የሚያቆማቸውም ነገር የተለያየ ነው። ብዙ ዘመቻ ከንቱ የሚቀረው ይህን ሳይለይ ስለሚጀመር ነው።

አንድ ምሰሶ ቀረብ ብሎ ሲታይ

የታክሲ ፌርማታ አጠገብ ያለ አንድ የእንጨት ምሰሶ እንውሰድ። ከወገብ እስከ ራስ ድረስ ያለው ክፍል ወፍሯል። ከታች የደረቀ፣ የጠቆረ፣ በኮላ የጠነከረ ወረቀት አለ። በላዩ ዝናብ ያጠበው፣ ቀለሙ የፈሰሰ ወረቀት አለ። ከላይ ዛሬ ጠዋት የተለጠፈው ገና እርጥብ ነው። አንዱ ወረቀት ግርጌው በቁመት ተቀድዶ ስልክ ቁጥሮች ተንጠልጥለዋል። ሁለት ሦስቱ ተወስደዋል። ከጎኑ የመንፈሳዊ ጉዞ ማስታወቂያ አለ። ጉዞው ካለፈ ቆይቷል። ከእሱ በታች የአንዲት እናት ፎቶ፣ ከላዩ "አፋልጉን" የሚል ጽሑፍ። ግማሹን "ማሽን ኦፕሬተር እናሠለጥናለን" ሸፍኖታል። ወረዳው ራሱ ያወጣው የስብሰባ ጥሪም አንድ ጥግ ይዟል።

ከወረቀቱ መሐል ሚስማሮች ይታያሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የእንጨት ምሰሶ ላይ የሚወጣ የመብራት ሠራተኛ በእግሩ ብረት ምሰሶውን ወግቶ ነው የሚወጣው። ሚስማር ሲያጋጥመው ብረቱ ይንሸራተታል። ጓንቱንም ይቀድበታል።

ምሰሶው ብዙ ነገር ይናገራል። ማስታወቂያው ያረጀ ቢሆንም ማንም አያነሳውም። የለጠፈው ስለ ማንሳት አያስብም፣ ወረዳው ጊዜ የለውም፣ ነዋሪው አያገባኝም ይላል። የጠፋች እናት ፎቶና የደላላ ወረቀት ለአንድ ቦታ ይጋፋሉ። መንግሥትም ሌላ መለጠፊያ ስለሌለው እዚያው ይለጥፋል።

የሚለጠፈው ስለሚሠራ ነው

ሰዎች የሚለጥፉት ሥርዓት ስለሌላቸው ነው የሚል ማብራሪያ ይዘወተራል። እውነቱ ቀላል ነው። የሚለጥፉት ደንበኛ ስለሚያመጣላቸው ነው።

አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ የሚያስወጣው ጥቂት ብር ነው። ኮላው ከስንዴ ዱቄትና ከሙቅ ውኃ ቤት ውስጥ ይሠራል። ለለጣፊው የሚከፈለው ትንሽ ነው። መቶ ወረቀት ተለጥፎ አንድ ቤት ቢከራይ ደላላው ኮሚሽኑን አገኘ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለዚህ ዓይነት ሥራ አይሆኑም። ዋጋቸው ይከብዳል፣ የሚደርሱትም ለአገር ነው። ዲሽ ሠሪው የሚፈልገው ሁለት ሦስት ሰፈር ነው።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ይህን ገበያ በከፊል ወስደዋል። የኪራይ ቤት ፎቶ በቴሌግራም ቻናል መፈለግ ተለምዷል። ግን ሁሉም ነገር ወደ ስልክ አይሄድም። ሽንት ቤቱ የሞላበት ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል ወይም አጥር ላይ ያየውን ቁጥር ይደውላል። ለልጁ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ያየውን ያስታውሳል። ግድግዳው ለሰፈር ሥራ የሰፈር ማውጫ ሆኗል። ይህን አገልግሎት የሚተካ ነገር ሳያዘጋጁ ግድግዳውን ማጽዳት ብቻውን ዕድሜ የለውም።

ገበያው ራሱን የሚያባብስበት መንገድም አለ። ትናንት የተለጠፈው ዛሬ ይሸፈናል። ስለዚህ ደላላው አንድ ሳይሆን አምስት ይለጥፋል። ተፎካካሪውም አምስቱን በአሥር ይሸፍናል። ወጪው ይጨምራል፣ የሚደወለው ስልክ ግን ያው ነው። በዚህ እሽቅድምድም ለጣፊዎቹ ራሳቸው ይከስራሉ። በአንድ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ብዛት ቢወሰን ቀድመው የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር ለመነጋገር በር የሚከፍተው ይህ ይመስለኛል።

"መለጠፍ ክልክል ነው" ሲባል

በየግድግዳው "ማስታወቂያ መለጠፍ በሕግ ያስቀጣል" የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ራሱ በማስታወቂያ ተከቦ ይታያል። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ምን እንደሚያስተምር በሚገባ የተጠና ነገር አለ።

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በግሮኒንገን ከተማ ያደረጉት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ቦታው ሰዎች ብስክሌት የሚያቆሙበት ጠባብ መንገድ ነበር። ግድግዳው ላይ ግራፊቲ መጻፍ የሚከለክል ምልክት በግልጽ ተሰቅሏል። ተመራማሪዎቹ በየብስክሌቱ እጀታ ላይ በራሪ ወረቀት አሰሩ። አካባቢው ላይ የቆሻሻ መጣያ የለም። ግድግዳው ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ወረቀቱን መሬት ላይ የጣሉት ወይም ሌላ ብስክሌት ላይ የሰቀሉት 33 በመቶ ነበሩ። ግድግዳው ላይ ሲጻፍበት ይህ ቁጥር 69 በመቶ ደረሰ። ምልክቱ በሁለቱም ጊዜ እዚያው ነበር።

ለእኛ የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። የተጣሰ ክልከላ ዝም ብሎ የተጣሰ ሆኖ አይቀርም። ለሚያልፈው ሰው "እዚህ የሚቆጣጠር የለም" ብሎ ይነግረዋል። ስለዚህ ማስከበር በማይቻልበት ቦታ ክልከላ ከመጻፍ አለመጻፍ ይሻላል።

ይህ ሙከራ "የተሰበረ መስኮት" ከሚባለው ንድፈ ሐሳብ ጋር ይያያዛል። ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረቡት ነው። አንድ የተሰበረ መስኮት ሳይጠገን ከቆየ ሌሎቹም ይሰበራሉ፣ ትንሽ ጥፋት ሲታለፍ ትልቁ ይከተላል የሚል ነው። ሐሳቡ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ትንሽ ብልግና ወደ ከባድ ወንጀል ያድጋል የሚለው ማስረጃው ደካማ ነው ይላሉ ተቺዎቹ። ፖሊስ በዚህ ስም ድሆችንና ጥቁሮችን አብዝቶ እንዲያስቸግር ሰበብ ሆኗል የሚል ክስም አለ። እኔም እዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ወረቀት ከመለጠፍ ተነስቶ ስለ ዘረፋ ማውራት ሩቅ መንገድ ነው። ቆሻሻ ቆሻሻን ይጠራል የሚለው ጠባብ ሐሳብ ግን መሠረት አለው። ለያዝነው ጉዳይ ይህ ይበቃል።

የኒውዮርክ ባቡሮች

መታየት ለሚፈልግ ግራፊቲ የታወቀው ትምህርት የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፉርጎዎቹ ከውስጥም ከውጭም በቀለም ተሸፍነው ነበር። ማሰርና መቅጣት ተሞከረ፣ አጥር ተሠራ። አልቆመም።

በ1984 አዲሱ የባቡሮቹ ኃላፊ ዴቪድ ገን ሌላ አሠራር ጀመረ። አንድ ባቡር ከጸዳ በኋላ እንደገና ከተጻፈበት ሳይታጠብ ወደ ሥራ አይወጣም። ወጣቱ ሌሊቱን ሲስል ያድራል። ሥራውን ግን ማንም ተሳፋሪ አያየውም። ይህ በመስመር በመስመር ተሠርቶ በግንቦት 1989 የመጨረሻው የተጻፈበት ፉርጎ ከአገልግሎት ወጣ። አምስት ዓመት ፈጀ። በዘመቻ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አልነበረም።

ፊላደልፊያ ደግሞ በዚያው በ1984 ሌላ መንገድ መረጠች። ከተማዋ ሠዓሊዋን ጄን ጎልደንን ቀጥራ በግድግዳ ላይ የሚጽፉ ወጣቶችን ወደ ሙራል ሥራ አስገባች። ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፣ ከ4,000 በላይ ሥዕሎች ሠርቷል። ሁለቱ መንገዶች አይጣሉም። አንዱ ያለ ፈቃድ የሚገኘውን እይታ ይነፍጋል። ሌላው በፈቃድ ይሰጣል።

ሁሉንም ግድግዳ በአንድ ቀለም መሸፈን ግን ሌላ ጣጣ አለው። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. ከጥር 2007 ጀምሮ የውጭ የንግድ ማስታወቂያን በሕግ አግዳ ቢልቦርዶቿን ሁሉ አወረደች። ብዙ ነዋሪ ወደደው። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2017 አዲሱ ከንቲባ በአንድ ትልቅ ጎዳና ላይ የነበሩ የታወቁ ሙራሎችን ግራጫ ቀለም አስቀባቸው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ተቆጣ። ሰው ሥዕልን ከልጥፍ ለይቶ ያያል።

ሕጉ ማንን ይይዛል?

ወደ እኛ እንመለስ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የውጭ ማስታወቂያን ይመለከታል። ማስታወቂያ አስነጋሪውን፣ ወኪሉንና አሰራጩን ለይቶ ያስቀምጣል። የወንጀል ሕጉም የሰው ንብረት ማበላሸትን ይቀጣል። የከተማ አስተዳደሮች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሕግ የለም ማለት አይቻልም።

ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ለጣፊው የሚሠራው ሲመሽ ወይም ገና ሳይነጋ ነው። ደንብ አስከባሪው በብዛት የሚገኘው ቀን ነው። የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ከሆነ ቅጣቱ እጥፍ ቢሆንም አያስፈራም። የተያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀን የሚከፈለው፣ ምናልባትም ቅጣቱን መክፈል የማይችል ልጅ ነው። ያስለጠፈው ነገ ሌላ ልጅ ይልካል።

የሚገርመው ልጥፍ ማስታወቂያ ማስረጃውን በላዩ የያዘ ጥፋት መሆኑ ነው። ስልክ ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ ዋጋ የለውም። በአገራችን ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ያስለጠፈውን ለማግኘት ሌሊት አድብቶ መጠበቅ አያስፈልግም። መደወል ነው።

እንግሊዝ ይህን በሕግ አስቀምጣለች። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ማስታወቂያው የሚያስተዋውቀው ዕቃ ወይም ሥራ ባለቤት እንደ ለጣፊ ይቆጠራል ይላል። ሰውየው ያለ እኔ ዕውቀት ነው የተለጠፈው ብሎ ማስረዳት ይችላል። ወይም ለማስነሳት የሚቻለኝን አድርጌያለሁ ብሎ ማሳየት ይችላል። ካልቻለ ግን "ልጁ ነው የለጠፈው" የሚል መልስ አያድነውም።

በቻይና ከተሞች ከዚህ የባሰ መንገድ ተሞክሯል። ሕገወጥ ማስታወቂያ ላይ የተገኘን ቁጥር ኮምፒውተር ደጋግሞ እንዲደውልበት ያደርጋሉ። መስመሩ ስለሚያዝ ደንበኛ መግባት አይችልም። ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን ያለ ፍርድ ሰውን መቅጣት ነው፣ እዚያም በሕግ መሠረቱ ላይ ክርክር አስነስቷል። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ ምንም ያላደረገ ሰው ስልኩ ይዘጋበታል።

ይህ ስጋት በእኛም አገር በቁም ነገር መታየት አለበት። ተፎካካሪውን ለማስቀጣት የሌላ ሰው ቁጥር ጽፎ የሚለጥፍ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ቅጣት ሊሆን አይገባም። ከወረዳው ስልክ ተደውሎ "ማስታወቂያዎ እዚህ ቦታ ተገኝቷል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያስነሱ" መባል አለበት። ጥሪው ይመዝገብ። የደጋገመው ሰው ማጽጃውን ወጪ ይክፈል። የቁጥሩን ባለቤት ማንነት ከቴሌኮም ድርጅት ማግኘት ካስፈለገ ደግሞ በሕግ በተፈቀደው መንገድ ብቻ ይሁን። ለወረቀት ሲባል የሰው የግል መረጃ እንደ ልብ የሚከፈትበት አሠራር መለመድ የለበትም።

ክልከላ ብቻ ወይስ ቦታም ጭምር?

በዚህ ላይ የሁለት አገር ፍርድ ቤቶች የተለያየ ነገር ብለዋል። በሎስ አንጀለስ የአንድ የምርጫ እጩ ደጋፊዎች በሕዝብ ምሰሶዎች ላይ ምልክት ሰቀሉ፣ ከተማዋም አነሳችው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ከተማዋ የከተማውን ገጽታ ለመጠበቅ መከልከል ትችላለች አለ። በካናዳ ደግሞ በፒተርቦሮ ከተማ አንድ ሙዚቀኛ የባንዱን ዝግጅት ምሰሶ ላይ ለጥፎ ተከሰሰ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 በሕዝብ ቦታ ላይ መለጠፍን ሙሉ በሙሉ ማገድ ሐሳብን የመግለጽ መብት ይጥሳል ብሎ ደንቡን ሻረው። መጠኑን፣ ቦታውንና ጊዜውን መወሰን ግን ይቻላል አለ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በፈለጉት የማሰራጫ ዘዴ የመግለጽ ነፃነትን ያውቃል። በሕግ የሚጣል ገደብም ይፈቅዳል። ለእኔ የካናዳው መንገድ የእኛን ኑሮ ይመስላል። ገንዘብ የሌለው ሰው ድምፁን የሚያሰማበት ርካሽ ቦታ እንዳያጣ ያደርጋል። የጠፋ ልጁን የሚፈልግ አባት፣ ለኩላሊት ሕክምና እርዳታ የሚያሰባስብ ቤተሰብ፣ ሥራ የጀመረች ልብስ ሰፊ ሌላ የት ይሂዱ?

ቦታ የሰጡ ከተሞች ብዙ ናቸው። በርሊን በ1850ዎቹ በየአጥሩና በየዛፉ በሚለጠፍ ወረቀት ተማርራ ነበር። ኤርንስት ሊትፋስ የተባለ አታሚ ከፖሊስ ኃላፊው ጋር ተስማምቶ በ1855 መቶ ክብ የማስታወቂያ ዓምዶች አቆመ። ማስታወቂያ በዓምዱ ላይ በክፍያ ይለጠፋል፣ ከዚያ ውጭ መለጠፍ አይቻልም። ዓምዶቹ በጀርመን ከተሞች እስከ ዛሬ አሉ።

ፈረንሳይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶችን ታስገድዳለች። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ለነዋሪዎች ሐሳብና ለማኅበራት ማስታወቂያ ነፃ ሰሌዳ ማዘጋጀት አለበት። ስፋቱ በሕዝቡ ብዛት ይወሰናል። ከ2,000 ሰው በታች ላለው 4 ካሬ ሜትር ነው። ከ10,000 በላይ ላለው ከ12 ካሬ ሜትር ይጀምርና በየ10,000 ሰው 5 ካሬ ሜትር ይጨመራል። ሕጉ ነዋሪውን ከመከልከሉ በፊት መንግሥትን ግዴታ ውስጥ ያስገባል ማለት ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ምሰሶውን ራሱን ፈቅዳ ገደብ አበጅታለች። ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈበት ቀን መጻፍ አለበት። ከ180 ቀን በላይ አይቆይም። የዝግጅት ማስታወቂያ ከሆነ ዝግጅቱ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይነሳል። በአንድ ብሎክ በአንዱ የመንገድ ጎን ተመሳሳይ ማስታወቂያ ከሦስት በላይ አይለጠፍም። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች፣ ቀኑና ቁጥሩ፣ ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ከላይ ያየነውን የደላሎች እሽቅድምድምም በቀጥታ ይመታሉ።

ሁሉም ጽሑፍ እኩል አይደለም

አንዳንዱ ወረቀት ጉዳቱ ግድግዳው ላይ አያበቃም። ፈቃድ የሌለው "ባህል ሐኪም" የማይታወቅ መድኃኒት ያስተዋውቃል። "ወደ አረብ አገር በአጭር ጊዜ እንልካለን" የሚል ስልክ ቁጥር አንዲትን ልጅ ፈቃድ ለሌለው ደላላ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ተቀድዶ መጣል የለበትም። ፎቶ ተነስቶ ለጤና ተቆጣጣሪው፣ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም ለፖሊስ መድረስ አለበት። ተቀድዶ ሲጣል ማስረጃውም አብሮ ይጣላል።

ጥላቻ የሚሰብክ የግድግዳ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰንደቅ ዓላማ ቀለም ጎዳና ላይ መቀባት በወጣቶች መካከል ግጭት አስነስቶ ነበር። ቀለም እንዲያ ሲሆን ስለ ንጽሕና ማውራት ይቀራል። ሰፈሩ የማን ነው የሚል ጥያቄ ሆኗል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሰውን በማንነቱ የሚያጠቃ ጽሑፍ ፎቶ ከተነሳ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መጥፋት ይኖርበታል። መንግሥትን የሚተች መፈክርን ከዚህ ጋር መደባለቅ ግን አደገኛ ነው። ግድግዳ የማጽዳት ሥራ ሐሳብ የማጽዳት ሥራ እንዳይሆን ወረዳዎች ለሁሉም አንድ መመዘኛ ሊኖራቸው ይገባል። የአንዱን ፓርቲ ፖስተር ቀድደው የሌላውን ከተዉ ሕዝቡ ደንቡን አያምነውም።

ማጽዳቱ ራሱ

በዱቄት ኮላ የተለጠፈ ወረቀት በሙቅ ውኃ በደንብ ርሶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይላቀቃል። በደረቁ ሲፋቅ ግን ቀለሙን ይዞ ይወጣል፣ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። በወረቀቱ ላይ ቀለም መቀባት ደግሞ የከፋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያብጥና ከነቀለሙ ይረግፋል። ለመብራት ምሰሶዎች ወለሉ የሻከረ፣ ኮላ የማይዝ ቀለም አለ። በሌሎች አገሮች በስፋት ይሠራበታል።

ታሪካዊ ድንጋይ ላይ ግን ማንም እጁን ማስገባት የለበትም። በጎንደር ግንቦችም ሆነ በላሊበላ ስም የሚጽፍ ወይም የሚፍቅ ጎብኚ ያጋጥማል። ለስላሳ ድንጋይን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ወይም በኃይለኛ ውኃ መምታት ከጽሑፉ በላይ ይጎዳዋል። ያ ሥራ የቅርስ ባለሙያ ነው።

ማን ምን ይሥራ?

በሰፈር ደረጃ ሲታሰብ ነገሩ ከባድ አይደለም። ታክሲ ፌርማታ፣ ገበያ መግቢያና ኮንዶሚኒየም በር ላይ ዝናብ የማይገባው ሰሌዳ ይቁም። ግማሹ ለንግድ ይሁንና በትንሽ ክፍያ ይሠራ። ግማሹ ለጠፉ ሰዎች፣ ለእርዳታ፣ ለዕድርና ለወረዳው ማስታወቂያ በነፃ ይተው። እያንዳንዱ ወረቀት ቀን ይጻፍበት። ክፍያው ሰሌዳውን ለሚጠብቅ ሰው ደሞዝ ይሁን። ዛሬ ኮላ ይዞ ሌሊት የሚዞረው ልጅ ይህን ሥራ ቢይዘው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ከሰሌዳው ውጭ ለሚለጥፍ ስልክ ይደወል።

ብዙ ቦታ ይህ አይሠራም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ምክንያታቸውም ባዶ አይደለም። ሰሌዳ ተተክሎ የተረሳበት ሰፈር አለ። መስታወቱ ተሰብሮ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ጠፍቶ፣ ውስጡ ያረጀ ወረቀት ብቻ ቀርቶ። ክፍያው ከበዛም ሰው ወደ ምሰሶው ይመለሳል። ክፍያውን የሚሰበስበው ሰው ለወዳጁ ቦታ ይዞ ለሌላው "ሞልቷል" ሊል ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ከመትከል በፊት ተቆጣጣሪው መታወቅ አለበት። ወረዳው ለብቻው ከሚይዘው ዕድሩ ወይም የጋራ ሕንፃው ኮሚቴ ቢጨመርበት ይሻላል። ዕድር የአባላቱን ስም፣ መዋጮና ቀን መዝግቦ መያዝ ለዓመታት የለመደው ሥራ ነው። ሰሌዳውን በየሳምንቱ የሚያይ፣ ቀኑ ያለፈውን የሚያነሳ፣ ገቢውን በስብሰባ ላይ የሚያስነብብ አካል ከሌለ ግን ሰሌዳው አንድ ተጨማሪ ምሰሶ ሆኖ ይቀራል።